የጉድጓድ ሦስት ባለቤት

ኤሊያስ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር የማንኪያውን አናት በሌላ ማንኪያ ጀርባ ደልድሎ፣ ትርፉን ወደ ዕቃው የሚመልስ ሰው ነበር። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። መምህራኑ «ኤሊያስ ውሃ ሲጠማው መጀመሪያ ብርጭቆውን ይመዝናል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ በዚህ አይከፋም። የሚከፋው ብርጭቆውን አንስተው ሌላ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጡበት ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ጠርሙሶችና መስታወቱ ከተሰነጠቀ ስድስት ዓመት ያለፈው ማይክሮስኮፕ አሉ። ኤሊያስ ዓርብ ዓርብ ማይክሮስኮፑን ይወለውለዋል። ምንም እንደማያሳይ ያውቃል፤ ግን አቧራ ጠጥቶ ማየት አይወድም።

በ1981 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሆሳዕና አጠገብ በሌሞ አንድ የገበሬ ማኅበር ለእህል መጋዘን መሠረት ሲያስቆፍር ጎኑ የተቀረጸ ረጅም ድንጋይና ብዙ ያረጀ የሸክላ ስባሪ ወጣ። ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና አቶ ወንዳፈረው የሚባሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ መጡ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተንበርክከው መሬት ሲጭሩ ስለኖሩ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ቆዳ ተሰፍቶበታል። አብራቸው ሂሩት መጣች። ሂሩት ከዚያው አካባቢ የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ተመልምላ አዲስ አበባ የተማረች፣ አሁን የቡድኑ የላቦራቶሪ ባለሙያ። ከአካባቢው አንድ ሠልጣኝ ሲጠየቅ ትምህርት ቤቱ ሳያመነታ ኤሊያስን ሰጠ። አንድ መምህር «ጠርሙሶቹም ትንሽ ይረፉ» አለ ይባላል።

ሥልጠናው ስድስት ሳምንት ነው። መጨረሻ ላይ ጋሼ ወንዳፈረው ከፈረሙለት፣ ኤሊያስ ለአንድ ዓመት አዲስ አበባ፣ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ያለበት ላቦራቶሪ ይገባል። ካልፈረሙለት ዕድሉ ለሌላ አውራጃ ይተላለፋል። ኤሊያስ ከዚህ በፊት ለትምህርት ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ሄዶበታል። በመጨረሻው ጊዜ የሄደው የስፖርት አስተማሪው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ወንዳፈረው አንድ ደብተር ሰጡትና በየገጹ መካከል አግድም መስመር እንዲያሰምር አዘዙት።

«ከመስመሩ በላይ ያየኸውን ትጽፋለህ፤ ከመስመሩ በታች የመሰለህን። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉብህ። ደግሞ እዚህ ደብተር ላይ ላጲስ የሚባል ነገር የለም። ከተሳሳትክ አንድ መስመር ትሰርዝበትና ቀኑን ትጽፋለህ። ስህተትህም መነበብ አለበት።»

«ገባኝ ጋሼ።»

«አልገባህም። ግን ጻፈው።»

ኤሊያስ ይህንንም ከመስመሩ በላይ ጻፈው።

ሥራውን ቶሎ ለመደ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ችካል ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል። በግንበኛ ማንካ አፈሩን እንደ ቅቤ ስስ ስስ አድርጎ ያነሳል፤ የተነሳውን በወንፊት ይነፋል፤ የተገኘውን በወረቀት ከረጢት ከቶ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ይጽፍበታል። የአፈሩ ቀለም በተለወጠ ቁጥር እጁን ይሰበስባል። ቀን ሠራተኞቹ በአንድ ቀን ይጨርሱት የነበረውን ቁፋሮ እሱ በስድስት ቀን እኩሌታው ላይ አደረሰው። አንደኛው ሠራተኛ ጓደኛውን «ይሄ ልጅ መሬቱን እያስፈቀደ ነው የሚቆፍረው» ሲለው ሰምቶ፣ እንደ ምስጋና ቆጠረው።

ቦታው ከመንደር ምሥረታ በፊት የሰው ደጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቤቶቹ ተነሥተው ወደ መንገዱ ዳር ሄደዋል፤ ጓሮው ውስጥ የነበረው እንሰት ተነቅሎ የማኅበሩ የገብስ ማሳ ሆኗል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ሳህሉ ዙሪያውን ገመድ አስወጥሮ «ይህ የሕዝብ ቅርስ ነው፤ ማንም ሰው እንዳይቀርብ» ብሎ ስላወጀ፣ የድሮዎቹ ባለቤቶች የገዛ ደጃቸውን ከገመዱ ማዶ ቆመው ነበር የሚያዩት።

በሦስተኛው ሳምንት ኤሊያስ አንድ ክብ የድንጋይ ክምር አገኘ። ከዚህ በፊት ሁለት ጉድጓዶች ተገኝተው አንዱ የአይጥ፣ አንዱ የምሰሶ ሆነው ነበርና ይህኛውን «ጉድጓድ ሦስት» አለው። ድንጋዮቹ አሥራ ሰባት ናቸው። ከሆሳዕና አንድ ነጋዴ የቡና ሚዛን ለምኖ፣ በጋሪ አስጭኖ አምጥቶ እያንዳንዱን መዘነ። ትላልቆቹ መሐል፣ ትናንሾቹ ዳር ናቸው። ከድንጋዮቹ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር ንጣፍ፣ ከንጣፉ ሥር ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር፣ የሚያጣብቅ አፈር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስስ ንጣፍ አለ። የጉድጓዱ ግድግዳ ጭቃ ላይ የሰፋፊ ቅጠሎች ጅማት ማኅተም መስሎ ታትሟል። ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡባቸው አሥራ አንድ ቦታዎች ይታያሉ፤ በአሥራ አንዱም ድርቡ ወደ ግራ ነው። ኤሊያስ ይህን ሁሉ ጻፈ፣ ሣለ፣ ለካ። ቅጠሎቹ ወደ ግራ መደረባቸው ለምን እንደሚጠቅም አያውቅም። ግን ወደ ግራ ነበሩና ወደ ግራ ብሎ ጻፈ።

ከመስመሩ በታች ደግሞ እንዲህ ሲል አሰፈረ፦ «መቃብር። ሟቹ ትልቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሼ ወንዳፈረው አንብበው ጉልበታቸውን አሻሹ።

«መቃብር?»

«ድንጋይ ተከምሮበታል ጋሼ። በቅጠልም ተሸፍኗል።»

«ማንን ጠየቅህ?»

«መሬቱን።»

«መሬቱስ ጥሩ ነው፤ አይዋሽም» አሉና ደብተሩን መለሱለት። «ግን መሬት ምሳ በልቶ አያውቅም።»

ኤሊያስ የመጨረሻው ነገር ምን ለማለት እንደሆነ ስላልገባው አልጻፈውም። ኋላ «ብጽፈው ኖሮ» እያለ የቆጨው ብቸኛው ነገር ይህ ነው።

የጥቁሩን አፈር ናሙና ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ሄደ። ሂሩት እዚያ ሸክላ ታጥባለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች። አፈሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ በትነው አማሰሉት። ቀላል የሆነው ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱን በጨርቅ አጥልለው ሲያደርቁት ነጫጭ ክሮች ተገኙ።

ሂሩት አንዱን ክር በወረንጦ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። «ይሄ ቃጫ ነው።»

«በቃጫ ተገንዟል ማለት ነው።»

«ማን?»

«ሟቹ።»

«ሟቹ የታለ?»

ኤሊያስ ለዚህ ተዘጋጅቶበት ነበር። የሊትመስ ወረቀት አውጥቶ እርጥቡ አፈር ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ ቀላ። «ይኸው። አሲድ ነው። አጥንቱን በልቶታል።»

«ጎኑ ያለውንስ አፈር ሞክረኸዋል?»

«ሞክሬዋለሁ፤ አይቀላም። ከመስመሩ በላይ ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ አሲዱን ወደዚህ ጉድጓድ ብቻ ማን አመጣው?»

«ምናልባት ሟቹን በሆነ መድኃኒት ቀብተውት ይሆናል» አለና ሐሳቡ ስለጣመው ወዲያው ከመስመሩ በታች ጻፈው።

ሂሩት ለረጅም ጊዜ ሸክላ አጠበች። ከንፈሯን ነክሳ እንደምታጥብ ግን ከኋላዋ የቆመው ኤሊያስ አላየም። «ኤሊያስ» አለች በመጨረሻ፣ «ይህን ነገር ለእናትህ ለእትዬ ገነቴ ብታሳያቸውስ?»

«እናቴ አርኪዮሎጂ አታውቅም።»

«እሺ፣ ፕሮፌሰር።»

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ከአውራጃው ባለሥልጣናት ቁፋሮውን ሊጎበኙ መጡ። ጋሼ ወንዳፈረው የፊርማውን ነገር ለዚያ ቀን ቀጥረውለት ነበር። «ጉድጓድ ሦስትን አንተ ታቀርባለህ፤ የማደርገውን ከዚያ በኋላ እወስናለሁ» አሉት። ጓድ ሳህሉ እንግዶቹን ለማክበር ሲል የማኅበሩን አባላት ሰብስቦ ከገመዱ ጀርባ አስቀመጠ። ፊት ለፊት፣ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቀጭን ሽማግሌ ሴት ተቀምጠዋል። እማማ ጣቢታ ይባላሉ። ገብስ የተዘራበት ማሳ ከመሆኑ በፊት ደጁ የእሳቸው ነበር።

ኤሊያስ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«በሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ጥልቀት አሥራ ሰባት ድንጋዮች ተገኙ። ትላልቆቹ...»

«መሐል» አሉ እማማ ጣቢታ ለራሳቸው።

«...መሐል፣ ትናንሾቹ ዳር ናቸው። ከድንጋዮቹ ሥር...»

«ቅጠል። ድርብ» አሉ እማማ ጣቢታ፣ አሁን ትንሽ ጎላ አድርገው።

ጓድ ሳህሉ ዞረ። «እማማ ጣቢታ፣ ስብሰባ ላይ ነን።»

«እኔም እየተሰበሰብኩ ነው ልጄ።»

ኤሊያስ ደብተሩን አየ። ድርብ የሚል ቃል እውነትም ነበረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ማንበቡን ግን አላቆመም። «ድርብ ቅጠል የነበረ ስስ ጥቁር ንጣፍ ይታያል። በግድግዳው ላይ ቅጠሎቹ በአሥራ አንድ ቦታ ተደርበዋል። ድርቡ በሁሉም ቦታ ወደ ግራ ነው።»

እማማ ጣቢታ ቀና አሉ። «ወደ ግራ?»

«አዎ እማማ።»

«አንዱም ሳይቀር?»

«አሥራ አንዱም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ «አማቴ ናቸው» አሉ።

ከባለሥልጣናቱ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሼ ወንዳፈረው በቀስታ ጠየቁ። «እዚህ ነው የተቀበሩት?»

«ኧረ እሳቸውስ መቃብራቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ይሄ ቆጯቸው ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ከገመዱ ጀርባ ያሉት ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ባለሥልጣናቱ፤ ባርኔጣውን ያወለቀውም መልሶ አጠለቀና ሳቀ። ኤሊያስ ጆሮው ጫፍ ድረስ ጋለ። ሂሩት መሬት መሬት ታያለች።

«ግን እማማ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «አሲድ ነበረበት። ሞክሬዋለሁ።»

«አሲድ ምንድን ነው?»

«የሚኮመጥጥ ነገር።»

«ቆጮ ካልኮመጠጠ ምኑን ቆጮ ሆነ ልጄ?»

«ቃጫም አግኝተንበታል።»

«አማቴ እንሰት ሲፍቁ ዓይናቸው ደከም ይል ነበር። ክሩን ሁሉ አይለቅሙትም። እኔ ስናገር ይቆጡ ነበር።» ከዚያ አተኩረው አዩት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የእትዬ ገነቴ። የሆሳዕናዋ።»

«ገነቴ እንሰት ስትፍቅ፣ ጉድጓዱን በቅጠል ስታለብስ አጠገቧ ቆመህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ወንድ አይቀርብም።»

«ታዲያ ከየት አምጥተህ ታውቀዋለህ? ብትቀርብ ኖሮ እኮ በዱላ ነበር የምታባርርህ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያውም የእናቱን ሥነ ሥርዓት ያደነቁ ይመስሉ ነበር።

ኤሊያስ ሃያ ስድስት ዓመት ቆጮ በልቷል። በክትፎ በልቷል፣ በጎመን በልቷል፣ በመንገድ ስንቅነት በልቷል። ከጉድጓድ እንደሚወጣም ያውቅ ነበር። ጉድጓዱ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን ከዚያ ቀን በፊት አስቦት አያውቅም፤ እንሰቱም ከተነቀለ ወዲህ ማሳው ላይ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። ጋሼ ወንዳፈረውን አያቸው። እሳቸው አላዩትም። ስድስት ሳምንት፣ አሥራ ሰባት የተመዘነ ድንጋይ፣ እውነተኛው ማይክሮስኮፕ፣ ሁሉም በአንድ ቆጮ ሲሄድ ታየው።

«ደብተሩ የአንተ ነው» አሉት ጋሼ ወንዳፈረው።

ኤሊያስ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከሌላ ኪሱ ደግሞ ማስመሪያ አወጣ። ተሳስቶም ቢሆን ጠማማ መስመር አይወድም። መቃብሩን ሰረዘ፣ ትልቁን ሰው ሰረዘ፣ መድኃኒቱን ሰረዘ፤ በእያንዳንዱ ጎን የካቲት 24 ብሎ ጻፈ። ከዚያ አዲስ ገጽ ገልጦ ወደ ገመዱ ሄደና እማማ ጣቢታ ፊት ተንበረከከ።

«አማትዎ ግራኝ ነበሩ?»

«ግራኝ ነበሩ። ቅጠል ሲደርቡም፣ ሲመርቁም፣ ሲመቱም በግራ ነው።»

«መቼ ዐረፉ?»

«በሃምሳ ስምንት።»

«ቆጮውን እዚህ መቅበራቸውን ያውቁ ነበር?»

እማማ ጣቢታ ዓይናቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱ። ከኋላቸው የተቀመጡት ሴቶች መሳቃቸውን ተዉ።

«አምስት ጉድጓድ አለኝ ይሉ ነበር» አሉ። «ሲሞቱ አራት ተገኘ። አምስተኛውን ለክፉ ቀን ብለው ቦታውን ለማንም አልተናገሩም። የባሌ እህት፣ ጣቢታ ብቻዋን በልታዋለች አለች። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ልቅሶ ቤት ቆጮ በቀረበ ቁጥር ዞራ ታየኛለች።» ጣታቸውን ወደ ደብተሩ ዘረጉ። «እስቲ እዚያ ላይ ተመልከት። ስትከፍተው ሙሉ ነበር ወይስ የተበላ?»

ኤሊያስ ገጹን ገለጠ። የተጠየቀው ከመስመሩ በላይ ያለውን ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ማንንም አይፈራም። «ድንጋዮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ በመካከላቸው የተቀላቀለ አፈር የለም። የላይኛው የቅጠል ንጣፍ አንድም ቦታ አልተቀደደም። ከሥሩ ያለው ጥቁር ነገር ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። ድንጋዮቹ መሐል ላይ ወደ ታች ሰርገዋል፤ ከሥራቸው ያለው እየበሰበሰ ሲያንስ አብረው የወረዱ ናቸው።» ቀና አለ። «እማማ፣ ይህ ጉድጓድ ከተዘጋ ጀምሮ እኔ እስክመጣ ድረስ አልተከፈተም። ሙሉ ነበር።»

«ድገመው።»

ደገመው።

«ጮክ ብለህ። እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል።»

ጥግ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ጫማዋን በትኩረት ትመለከት ነበር። ኤሊያስ ተነሥቶ ቆመ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቹን ጸጥ የሚያሰኝበትን ድምፅ አውጥቶ ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ መጨረሻው ሳንቲሜትር አነበበው። ጓድ ሳህሉ በልማድ አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኤሊያስ ችካሎቹን እየነቀለ ሳለ ጋሼ ወንዳፈረው መጥተው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከመስመሩ በታች የጻፍከው ሁሉ ተረት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሟች፣ ግንዛት፣ መድኃኒት። ሌላ ሁለት ሳምንት ብሰጥህ ልቅሶም ትቀመጥ ነበር።»

ኤሊያስ ሲባጎውን ይጠቀልላል።

«ከመስመሩ በላይ ያለውን ግን አንዲት ሴት በጆሮዋ ሰምታ የአማቷን እጅ ለየችበት። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።» ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ፊርማው ከታች ነበረ፤ ቀለሙም ደርቋል። «ትናንት ነው የፈረምኩት። ዛሬ የጠበቅሁት ትሰርዘዋለህ ወይስ ትከራከራለህ የሚለውን ለማየት ነው። ብትከራከር እቀደው ነበር።»

ኤሊያስ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ሂሩት ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የዳምቦያ ሴት ልጅ ቆጮ ጠፍቷት?» አለች። «ለሠልጣኝ መልስ አትንገሪ ተብዬ ነው። እኔም በተራዬ የከብት በረት ያገኘሁ ጊዜ ቤተ መንግሥት ነው ብዬ አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ማንም አልነገረኝም።»

በማግስቱ ጠዋት እማማ ጣቢታ ከመንገዱ ዳር ካለው አዲሱ ቤታቸው ተነሥተው ሆሳዕና ድረስ በጋሪ መጡ። ያ «ሙሉ ነበር» የሚለው ነገር በወረቀት እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ። ኤሊያስ በካርቦን ሁለት ቅጂ አድርጎ ጻፈላቸው። ማኅተም የለውም ብለው አኮረፉ። ጓድ ሳህሉ ተፈልጎ በማኅበሩ ማኅተም አተመላቸው፤ ሲያትም ሊስቅ ፈልጎ ፊታቸውን አይቶ ተወው። ወረቀቱን አጣጥፈው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል አስገቡና፣ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ኤሊያስ ዞሩ።

«ሰኞ አዲሱ ቤቴ ጓሮ እንሰት እንፍቃለን። መጥተህ እይ።»

«ወንድ አይቀርብም እኮ እማማ።»

«አንተ የአማቴን ጓዳ ከፍተህ አይተህ የለ። አሁን ምኑን እንደብቅሃለን? ብቻ ያን ሚዛንህን ይዘህ እንዳትመጣ።»

ሰኞ ሄደ። ሚዛኑን አልያዘም፤ ሜትሩን ግን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር። ሴቶቹ ሲፍቁ፣ ሲጨምቁ፣ ጉድጓዱን ቅጠል ሲያለብሱ ከርቀት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመስመሩ በላይ ሙሉ ገጽ ሞላ። እማማ ጣቢታ ቅጠሎቹን የሚደርቡት ወደ ቀኝ ነው። ከመስመሩ በታች ምን እንደሚጽፍ ትንሽ አሰበና እስክሪብቶውን ከደነው። መጠየቅ ይሻላል።